ቀይ ሽፋን

ኮሌጃችን ውስጥ የሽልማት ቀን ዝግጅት የሚጀመረው እኔ ክፍል ነው። ወንበር ከመደርደሩ፣ ድምፅ ማጉያው ከመሞከሩ፣ የሙዚቃ ክበቡ ልጆች ጉሮሯቸውን ከማሟሸታቸው ከብዙ ቀን በፊት፣ ዲኗ ራሳቸው ደረጃውን ወርደው ይመጡና የታሸገ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣሉ።

እኔ የኮሌጁ ጠራዥ ነኝ። ክፍሌ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር፣ ምድር ቤት ነው። ያለችኝ አንዲት ጠባብ መስኮት ከመንገዱ እኩል ስለሆነች የሚያልፍ ሰው እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሰውን በጫማው መለየት የለመድኩት እዚያ ነው።

ተመራቂዎቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲጨርሱ ሁለት ሁለት ቅጂ ይዘው ወደ እኔ ይወርዳሉ፤ አንዱ ለራሳቸው፣ አንዱ ለኮሌጁ። የሁሉም በሰማያዊ ጨርቅ ይጠረዛል። ከዓመቱ ጽሑፎች ሁሉ የተሻለ የተባለው የአንዱ ብቻ፣ የኮሌጁ ቅጂ ቀይ ይለብሳል። በሽልማቱ ቀን ያ ቀይ ጥራዝ መድረኩ ላይ ነጭ ጨርቅ ተደርጎበት ይቀመጣል፤ አዳራሹ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ዲኗ ጨርቁን ገልጠው ስሙን ሲያነቡ ነው። ጥራዙ ግን ሙጫው በደንብ እስኪይዝ መጭመቂያ ውስጥ ቀናት መዋል አለበት። ስለዚህ እኔ ከሁሉም ቀድሜ ማወቄ ግድ ነው። «ከእኔ፣ ከአንተና ከፈጣሪ በቀር» ይሉኛል ዲኗ በየዓመቱ፣ ዳኞቹን ረስተው። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ ፖስታውን እቀበላለሁ። ከመክፈቴ በፊት አጭር ጸሎት አለችኝ፤ ከንፈሬን ጠብቅልኝ እላለሁ።

ቀዩ ጨርቅ አንድ ዐመል አለው፤ ሙጫ ሲነካው ቀለሙን ይለቃል። ጣቴን ለሦስት ለአራት ቀን ያቀላዋል፤ በሳሙና ብታሸው፣ በሎሚ ብታሸው ወይ ፍንክች። ተማሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ቀኑ ሲቃረብ እጄን ለማየት ብቻ ይወርዳሉ። አንዱ ማስመሪያ ጠፋብኝ ይላል። ሌላው የራሱ ሰዓት ክንዱ ላይ ታስሮ ስንት ሰዓት ነው ይለኛል። ጣቴን ቀልቶ ሲያዩት፣ «ጋሼ ሙጫ፣ ዘንድሮስ ማንን ገደሉ?» ብለው ይስቃሉ። ስሙን ያወጡልኝ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ለሥራዬ ነበር፤ በኋላ አፌም የተጣበቀ ስለሆነ እንደሚገባኝ ተስማሙ። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ስም ከዚያ ክፍል አምልጦ አያውቅም። በዚህ እኮራ ነበር፤ ኩራት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር፤ ታማኝነት ነበር የምለው።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስድስተኛ ክፍል ነው። ቀሪውን ሙጫው እስኪደርቅ በማነባቸው ወረቀቶች አገኘሁት። ስለ ንብ አውቃለሁ፣ ስለ ድልድይ ብረት፣ ስለ ሕፃናት የቆዳ በሽታ አውቃለሁ፤ ግን ሁሉም ቁርጥራጭ ነው። ያልገባኝን ባለቤቱ ሲመጣ እጠይቃለሁ፣ እሱም መጭመቂያው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ያስረዳኛል። ከጽሑፉ ተነሥቶ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ልቡ ይገባል። እኔ ክር እየሳብኩ እሰማለሁ። ክፍላችን ውስጥ ደግሞ ማን እንደጀመረው የማላስታውሰው ልማድ አለ፤ ጥራዙን ሊወስድ የመጣ ሁሉ የምስጋናውን ገጽ ጮክ ብሎ ሳያነብልኝ አይወጣም። እናቱን ሲጠራ ድምፁ የተሰበረ አለ። ብስክሌቱን ያመሰገነም አለ።

ባልዲ የሚሏት ልጅ ከሌሎቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ በርጩማዋ ላይ የተቀመጠች ናት። ስሙ የወጣላት ከኮሌጁ ጀርባ ባሉት ሰፈሮች ባልዲ ይዛ ከጉድጓድ ጉድጓድ ስለምትዞር ነው። አርባ ሁለት የውሃ ጉድጓዶች ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የእያንዳንዱን ውሃ እየቀዳች ትመረምራለች፣ እናቶቹን የልጆቻቸው ሆድ ከየትኛው በኋላ እንደሚታመም ትጠይቃለች። ላቦራቶሪው ሲዘጋባት ጠርሙሶቿን እኔ ጋ ታስቀምጣለች። አንድ ቀን ተሳስቼ በአሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ ውሃ ሙጫ ላቀጥን ስል ደረሰችብኝ። «ኧረ ጋሼ» አለችኝ፣ «እሱ እኮ መጽሐፉንም ተቅማጥ ያስይዘዋል።» ከዚያ በኋላ ጠርሙሶቹ ላይ በቀይ እርሳስ «አይጠጣም፣ አይቀጥንበትም» ብላ ጻፈችባቸው።

አባቷ ልብስ ሰፊ እንደሆነ፣ ዓይኑ ደክሞ ክር በመርፌ የምታስገባለት ታናሽ እህቷ እንደሆነች፣ ቤቱን ይዞ ያለው ታላቅ ወንድሟ እንደሆነ ሁሉ በዚያች በርጩማ ላይ ሰምቻለሁ። ከተማቸው በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እሷ የምትፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚህ ቀርታ ጉድጓዶቹን መጨረስ። ምርመራው ያልገባኝ ጊዜ ሦስቴም አራቴም ትደግምልኛለች፤ ገባኝ ብዬ ስዋሽ ደግሞ ታውቅብኛለች።

በዚያ ዓመት ፖስታውን ስከፍት ያገኘሁት የሷን ስም ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ጨርቁን ሦስት ጊዜ ለክቼ ቆረጥኩ፤ እንዲያ አድርጌ አላውቅም።

ቀዩ ጥራዝ እንዲሁ ክብር ብቻ አይደለም። ባለቤቱን ኮሌጁ በረዳት መምህርነት ያስቀረዋል፣ የሚሠራበት ላቦራቶሪ ይሰጠዋል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ይልከዋል። ደንብ ግን አለው። ስሙ ሲጠራ አዳራሽ ውስጥ መገኘት፣ መድረክ ላይ ወጥቶ በአፉ «እቀበላለሁ» ማለት አለበት። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልተነሣ ለተከታዩ ያልፋል። ደንቡ የወጣው አንድ ጊዜ አሸናፊው ሌላ ሥራ ይዞ ሳይናገር ሄዶ ቦታው ዓመቱን ሙሉ ባዶ ስለዋለ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ የማያውቀው ተማሪ የለም።

ሽልማቱ ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ረፋድ ላይ የማውቃቸው ጫማዎች በመስኮቴ አለፉና ደረጃውን ሲወርዱ ሰማሁ፤ የግራው ተረከዝ የተበላ። ሻንጣ ይዛ ነበር።

የራሷን ሰማያዊ ቅጂ ሰጠኋት። በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ምስጋናዋን አነበበችልኝ። አባቷን፣ ወንድሟን፣ እህቷን፣ ጉድጓድ ያሳዩአትን ሴቶች አንድ በአንድ ጠራች። መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ስትቀራት መጽሐፉን ዘጋችው። ይቺን በኋላ ራስዎ ያነቧታል አለችኝ። ቀዩ ጥራዝ ከትከሻዋ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት መጭመቂያው ውስጥ ነበር፣ ጋዜጣ ለብሶ።

ከዚያ ነገረችኝ። በከተማቸው የውሃ ጽሕፈት ቤት የጸሐፊነት ቦታ ተገኝቷል። ወንድሟ ደጅ ጠንቶ ያገኘው ነው። ረቡዕ ጠዋት ካልቀረበች ለሌላ ይሰጣል፤ ሁለት ቀን ታገሡን ብሎ ለምኖ እምቢ ብለውታል። አውቶቡሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይነሣል። አባቷ መቀስ እንኳ መያዝ እያቃተው ነው። ቀዩ ለሷ ከሆነ ሁሉንም ትታ ትቆያለች፤ ካልሆነ ግን ቆይታ ሁለቱንም አጥታ ባዶ እጇን ቤት መግባቷ ነው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ በረጋ ድምፅ ነው።

«እንግዲህ ጋሼ» አለች፣ «ልቆይ ወይስ ልሂድ?»

የማን ነው አላለችኝም። እንደዚያ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ሲጠይቁኝ የምመልሰውን ለሃያ ዓመት ተለማምጄዋለሁ። እሷ ግን የጠየቀችኝ እንደ አባት ነው፤ እኔ የመለስኩላት እንደ ጠራዥ።

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ» አልኳት። «እኔ እኮ ጠራዥ ነኝ።»

እጄን አየች። ሳላስበው ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ትንሽ ፈገግ አለችና፣ ልክ ነዎት ብላ ሻንጣዋን አነሣች። ስትወጣ እንደ ወትሮው በሩን በቀስታ ዘጋችው፤ ንፋስ ወረቀት እንዳይበትንብኝ።

ወዲያው ጫማዎቿ መስኮቱ ጋ ደረሱና ቆሙ። ሻንጣው መሬት ላይ ሲቀመጥ አየሁ። መስታወቱን በጣቴ ኳ ማድረግ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ተነሥቼ እጄን ሰደድኩ። ጣቴ ብርሃኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ቀልቶ ታየኝ። መለስኩት። ሻንጣው ተነሣ፣ ጫማዎቹም ሄዱ።

ያን ዕለት ወደ ሥራዬ ከመመለሴ በፊት በርጩማዋ አጠገብ ተንበርክኬ ከንፈሬን ስለጠበቅህልኝ አመሰግንሃለሁ ብዬ ጸለይኩ። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲፈርድልኝ አይደለም። የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ አልሄደችም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ዋልኩ። ባልዲ በቀላሉ የምትረታ ልጅ አይደለችም፣ መናኸሪያ ደርሳ ትመለሳለች አልኩ። ወደ ማታ ረጅሙ የምንለው ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዋ፣ ክር ሊዋስ መጣ። ራሱ አውቶቡስ ላይ እንደሸኛትና መስኮቱ ጋ ተቀምጣ እስክትርቅ ሰማያዊውን ጥራዝ ታቅፋ እንደነበር ነገረኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐሙስ ጠዋት ዲኗ ገና ቢሯቸው ሳይገቡ በር ላይ ጠበቅኋቸውና ልጅቷ ሄዳለች አልኳቸው።

ቦርሳቸውን እንደያዙ ቆሙ። መቼ እንደሄደች ጠየቁኝ። ማክሰኞ አልኩ።

«ታዲያ ማክሰኞ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምስጢር ነው ብዬ ነው።»

«ከእኔ?» አሉኝ። «ምስጢሩን የሰጠሁህ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

 ማክሰኞ ዕለት አርባ ደረጃ ወጥቼ ለሳቸው ብነግራቸው እንዴት እንደሚያስቀሯት እሳቸው ያውቁበት ነበር። ምንም ቃል አላፈርስም ነበር፤ ምስጢሩም ልጅቷም ይድኑ ነበር። ለሳቸው መናገር የሚቻል መሆኑ ግን ጭራሽ አልታየኝም። እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሳሳተው በዝምታው የተመሰገነ ሰው ብቻ ይመስለኛል።

ወንድሟ ጋ ስልክ ተደወለ፣ ጠራ፣ የሚያነሣው ጠፋ። ቢያነሣስ፤ በአንድ ጀንበር የሚያመጣት አውቶቡስ የለም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ወላጆች ከየመንደራቸው መጥተዋል፤ የተዋሱት ኮት እጁ የረዘመባቸው አባቶች፣ ነጠላ ጫማ የለመደ እግራቸውን ጠባብ ጫማ ውስጥ የጨመሩ እናቶች። የሴቶች የሩጫ ቡድን ዋንጫውን ይዞ ሲገባ ጣሪያው ተነቃነቀ። የተበላሸ ራዲዮ ሰብስበው ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ንባብ ማሰሚያ የሠሩት ሁለት ልጆች ተጠሩ፤ አንደኛው መድረኩ ላይ ሲወጣ ገመድ ጠልፎት ድምፅ ማጉያውን ይዞት ወደቀ። ራሱ የሚያስተካክለው እሱ ነውና እዚያው ተቀምጦ ሲጠግነው ሰዉ ከዋንጫው የበለጠ አጨበጨበለት። የቲያትር ክበቡ፣ የክርክር ቡድኑ፣ ሁሉም ተራ በተራ። ከዚያ ዲኗ ነጩን ጨርቅ ገለጡ።

ስሟን አነበቡ። ጭብጨባው ተነሣና ዓይን ሁሉ ሲፈልጋት ቀስ እያለ ሞተ። ሁለተኛ ጠሩ። ከኋላ አንዲት ልጅ፣ ሄዳለች እኮ፣ አለች በደከመ ድምፅ። ሦስተኛውን ሲጠሩ ዲኗ ዓይናቸው በር ላይ ነበር። እኔም በሩን አየሁ። ትመጣ እንደሆነ ብዬ በውስጤ የለመንኩት ልመና ከማንኛውም ጸሎቴ ይረዝማል።

ተከታዩ ረጅሙ ነበር። ሊቀጣ እንደተጠራ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አባቱ ከፊት ረድፍ ላይ ተነሥቶ በደስታ ያለቅሳል፤ የሆነውን አልተረዳም፣ የሚነግረውም ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን አልነግረውም። ልጁ «እቀበላለሁ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ድምፅ ማጉያው በደንብ ተጠግኖ ነበር።

በማግስቱ ዲኗ የላኩት ወረቀት መጣልኝ። ቀዩ ሽፋን ከሷ ጽሑፍ ይነሣ፣ ሰማያዊ ይልበስ፤ የረጅሙ ቀይ ይልበስ። ምላጬን ይዤ ጋዜጣ አነጠፍኩ። ጥሩ የተጣበቀ ጥራዝ ሲላቀቅ ሽፋኑ ይቀዳደዳል፤ ያን ቀን ግን ሽፋኑን ሳላበላሽ ለማውጣት እስከ ቀትር ድረስ ሠራሁ። ያኔ ነው የምስጋናውን ገጽ የገለጥኩት። ሳታነብልኝ የዘጋቻት መስመር እንዲህ ትላለች፦ «በመጨረሻም፣ ጥያቄዬን ሁሉ በትዕግሥት ለሚሰሙት፣ ዋሽተውኝም ለማያውቁት ለጠራዡ ጋሼ።»

ሰማያዊውን አለበስኩት። ከዚያ የረጅሙን በቀይ ጠረዝኩ። ጣቴ እንደገና ቀላ፤ ያን ሳምንት ግን ማንን ገደሉ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ የለም።

ስምንት ዓመት ሆነ። ረጅሙ ጥሩ አስተማሪ ወጥቶታል፤ ከሷ ጽሑፍ ተነሥቶ ከአርባ ሁለቱ ጉድጓዶች አሥራ አንዱን አስጠግኗል፤ ክፍል ውስጥ የማን ሥራ እንደሆነ ሳይናገር አያልፍም ይላሉ። የሆነውን ያን ጊዜውኑ ጽፎላት ነበር። መልስ ጽፋለታለች፤ ለኔ አልጻፈችም። እኔም አልጻፍኩላት። ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደቀደድኩ አልቆጠርኩም።

ባለፈው ዓመት፣ በአዲስ ተማሪዎች የምዝገባ ሳምንት፣ ሁለት ጥንድ ጫማ በመስኮቴ አለፈ። አንደኛው አዲስ ነው። ሁለተኛው የግራ ተረከዙ የተበላ ነው። ከመቀመጫዬ ሳልነሣ በሩ ተንኳኳ።

መነጽር አድርጋለች፣ ወፈር ብላለች። አብራት ያለችው ለአባታቸው ክር በመርፌ ታስገባ የነበረችው እህቷ ናት፤ እዚህ ልትማር ተመድባ ነው የመጣችው። እሷን ወረፋ ያዢ ብላ ወደ ላይ ሰደደቻትና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ቤተሰቡን ጠየቅኋት። አባቷ ዓይኑ ፈጽሞ ቢጠፋም አሁንም ጨርቅ በእጁ ዳስሶ ዋጋውን እንደሚናገር ነገረችኝ። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ደብዳቤ ታወጣለች፣ ደብዳቤ ታስገባለች። ውሃ ትመረምሪያለሽ ወይ ስላት፣ ከቧንቧው ሲመጣ እጠጣዋለሁ ብላ ሳቀች።

ያን ጊዜ ነገርኳት። ሰባት ዓመት ያጠናሁት ንግግር ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ማክሰኞ ዕለት አውቅ ነበር» የምትለዋ ብቻ ናት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለችኝ። «ጣትዎን አይቼዋለሁ።»



«ቀዩ መሠራቱን ያኔውኑ አወቅሁ። የማን እንደሆነ ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ። የኔ ቢሆን ባይነግሩኝ እንኳ ቆዪ ይሉኛል፣ ጨክነው አይሸኙኝም አልኩ። ምኑን አውቄው ሲሉኝ፣ የሌላ ሰው ነው፣ እንዳይከፋኝ ብለው ነው ብዬ ሄድኩ።»

ይህን የተናገረችው ሳትቆጣ ነው። ብትቆጣኝ እወድ ነበር። መስኮቱ ጋ ለምን እንደቆመች ጠየቅኋት። ሻንጣው ከብዶኝ እጅ ልለውጥ ነው አለች። እውነቷን ይሁን ለኔ ብላ ይሁን አላውቅም።

መሳቢያዬን ከፍቼ ሽፋኑን አወጣሁላት። ጀርባው ላይ ስሟ በወርቅማ ቀለም እንደተጻፈ ነው፤ ሰባት ዓመት ብርሃን ስላላየ አልደበዘዘም። ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ልክ አባቷ ጨርቅ እንደሚዳስስ። ገልጣ ውስጡን አየች።

«ባዶ እኮ ነው ጋሼ» አለችኝ፣ ልታባብለኝ እንደፈለገች። ዘግታ መለሰችልኝ። «እርስዎ ጋ ይቀመጥ። እኔ የት አደርገዋለሁ?»

ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር ብላኛለች፤ በቶሎ፣ እንደ ቀላል ነገር። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞረች።

«እህቴ እንደኔ ወሬ ትወዳለች፤ እዚህ ወርዳ ታስቸግርዎታለች። ዓመቷ ሲደርስ ልቆይ ወይስ ልሂድ ካለችዎት፣ ቆዪ ይበሏት። ቀዩ የሷ ቢሆንም ባይሆንም። ለሁሉም እንደዚያ ካሉ ምስጢር አወጡ የሚልዎት የለም።»

ሰባት ዓመት ሳስብ ይህ አልመጣልኝም ነበር።

እህቷ እውነትም ወሬ ትወዳለች። በርጩማዋን ወርሳለች፤ የኔን የክር አሳሳብ አይታ አባባ እንዲህ አይስቡም ብላ ታርመኛለች። አሁን ጥራዙን ሊወስድ የሚመጣውን ሁሉ፣ ምስጋናውን አንብቦ ሲጨርስ፣ እስከ ሐሙስ ቆይ እለዋለሁ። ዘንድሮ አንዱ ሁለት ቀን ቆይቶ ምንም ሳያገኝ ቀርቶ፣ «ጋሼ ሙጫ፣ በርስዎ ጦስ ሠርግ አመለጠኝ» ብሎ ተቆጥቶኛል። ልክ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት።

ፖስታው ሲመጣ አሁንም ከመክፈቴ በፊት ከንፈሬን ጠብቅልኝ እላለሁ፤ አደራው አደራ ነው። ያቺን በርጩማው አጠገብ ተንበርክኬ ያቀረብኳትን ምስጋና ግን መልሼ ብያት አላውቅም።